ከአባቱ ሱቅ እስከ ታላላቅ ኩባንያዎች ዓርማ
የፖል ራንድ የሕይወት ጉዞ

ታሪክ ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን የነገሥታት ዘመን፥ የጦር ሜዳና የመንግሥታት ውል ነው። ይህ ስሕተት አይደለም። ነገር ግን ሰው በየቀኑ የሚያየውና በእጁ የሚይዘው ነገር ሁሉ የራሱ ታሪክ አለው። በመድኃኒት ጠርሙስ ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ፥ በሱቅ በር ላይ የተሰቀለው ሰሌዳ፥ የመጽሐፍ ሽፋን፥ የኩባንያ ዓርማ፥ እነዚህን ሁሉ አንድ ሰው ተቀምጦ፥ አስቦና ደክሞ ሥሎአቸዋል። እኛ ግን ሥራውን እያየን የሠሪውን ስም ሳንጠይቅ እናልፋለን። እንዲህ ያለውን ሥራ የሚሠራ ሰው ግራፊክ ዲዛይነር ይባላል፤ ይኸውም ፊደልንና ሥዕልን አስማምቶ አንድ መልእክት ለተመልካች ቶሎ እንዲገባው አድርጎ የሚያዘጋጅ ባለ ሙያ ማለት ነው።

ለትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት አንድ የታሪክ ጽሑፍ እንዳቀርብ በተፈቀደልኝ ጊዜ የመረጥሁት ከእነዚህ ባለ ሙያዎች የአንዱን ታሪክ ነው። እርሱም ፖል ራንድ የተባለው አሜሪካዊ ነው። ስለ ምን እርሱን እንደ መረጥሁ ወደ መጨረሻው እናገራለሁ። ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስታውስልኝ እለምናለሁ።

ፖል ራንድ የተወለደው በኒው ዮርክ ከተማ፥ ብሩክሊን በሚባለው ክፍል፥ ኦገስት 15 ቀን 1914 ዓ. ም. ነው። ወላጆቹ ያወጡለት ስም ፔሬትስ ሮዘንባውም ነበር። ቤተ ሰቡ ሃይማኖታቸውን አጥብቀው የሚጠብቁ አይሁድ ነበሩ፤ አባቱም የምግብ ሸቀጥ የሚሸጥበት ሱቅ ነበረው። ልጁ ገና የሦስት ዓመት ያህል ሕፃን ሳለ በሱቁ ውስጥ በነበረው የፓልሞሊቭ ሳሙና ማስታወቂያ ላይ ያሉትን ሥዕሎች እያየ በወረቀት ላይ ይገለብጥ እንደ ነበር ይነገራል። እንግዲህ የመጀመሪያው የሥዕል አስተማሪው የሳሙና ማስታወቂያ ነበረ ማለት እንችላለን።

ነገር ግን በዚያ ቤት ሥዕል መሣል ቀላል ነገር አልነበረም። በኦሪት ሕግ የተቀረጸ ምስል ማድረግ የተከለከለ ስለ ሆነ፥ ሕጉን አጥብቀው በሚይዙ ሰዎች ዘንድ የሰውን መልክ መሣል በመልካም ዓይን አይታይም ነበር። ከዚህም በላይ አባቱን የሚያሳስበው ሌላ ነገር ነበር፤ ሥዕል ለልጄ እንጀራ ይሆነዋል ብሎ አላመነም። ቢሆንም ልጁ አልተወም። ትንሽ ከፍ ሲል ለአባቱ ሱቅ የሚሰቀሉትን ሰሌዳዎች መጻፍና መሣል ጀመረ። በሚማርበትም ትምህርት ቤት በዓልና ዝግጅት ሲኖር ማስታወቂያውን የሚሥለው እርሱ ነበር። በየትምህርት ቤታችን ቀለምና ካርቶን ይዘው የበዓል ጽሑፍ ሲያዘጋጁ የሚያመሹ ጓደኞቻችን ይህን ነገር ልብ ብለው ያንብቡት።

አባትና ልጅ በመጨረሻ የተስማሙበት ነገር ለእኔ ከታሪኩ ሁሉ ይበልጥ ደስ ያሰኘኛል። አባቱ ሥዕሉን ፈጽሞ አልከለከለውም፤ ፈጽሞም አልለቀቀውም። ቀን ቀን በማንሃተን በነበረው ሃረን በተባለው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መደበኛውን ትምህርት እንዲማር፥ ማታ ማታ ደግሞ ፕራት ኢንስቲትዩት በተባለው የጥበብ ትምህርት ቤት ሥዕል እንዲማር አደረገ። ይህ የሆነው ከ1929 ዓ. ም. ጀምሮ ነው፤ ልጁም ያን ጊዜ ዕድሜው 15 ነበር። ያ ዓመት ደግሞ በአሜሪካ አገር ታላቁ የገንዘብ ውድቀት የተጀመረበት ስለ ነበር፥ ስለ ልጁ እንጀራ የተጨነቀውን አባት ማንም ሊፈርድበት አይችልም።

ወጣቱ በማታው ትምህርት የሚፈልገውን ሁሉ አላገኘም። በዚያ ዘመን በአሜሪካ የማስታወቂያ ሥራ ሁለት ቦታ የተከፈለ ነበር። ሠዓሊው የሚያምር ሥዕል ይሥላል፤ ፊደል ለቃሚው ደግሞ በማተሚያ ቤት ጽሑፉን ለብቻው ይደረድራል፤ ሁለቱ የሚገናኙት ወረቀቱ ላይ ነው። በአውሮፓ ግን ሌላ ሐሳብ ተነሥቶ ነበር። በ1919 ዓ. ም. በጀርመን አገር በቫይማር ከተማ የተከፈተው ባውሃውስ የሚባለው ትምህርት ቤት ሥዕልን፥ የቤት ሥራን፥ የዕቃ ሥራንና የፊደል ሥራን በአንድነት አስተማረ። ይህ ትምህርት ቤት ከናዚዎች በደረሰበት ግፊት በ1933 ዓ. ም. ተዘጋ። ራንድ ወደ ጀርመን አልሄደም፤ ነገር ግን ከአውሮፓ የሚመጡትን የማስታወቂያ ጥበብ መጽሔቶች እየፈለገ ያነብ ነበር። ከዚህ በኋላ በፓርሰንስ ትምህርት ቤትና አርት ስቲውደንትስ ሊግ በሚባለው የጥበብ ትምህርት ቤት ተማረ፤ በዚህም በሁለተኛው ከጀርመን የመጣው ሠዓሊ ጆርጅ ግሮስ አስተምሮታል። አብዛኛውን ግን ራሱን በራሱ እንዳስተማረ ይቈጠራል።

ሥራ መፈለግ በጀመረ ጊዜ ስሙን ለወጠ። በዚያ ዘመን አይሁዳዊነቱ በስሙ የሚታወቅ ሰው በብዙ የማስታወቂያ ድርጅት በር ላይ እንቅፋት ያገኘው ነበር። ስለዚህ ፔሬትስን ፖል አደረገው፤ ራንድ የሚለውንም ከአንድ ዘመዱ ስም ወሰደ። በላቲን ፊደል ሲጻፍ አንዱ ስም አራት ፊደል፥ ሌላውም አራት ፊደል ነው፤ እኩል ለእኩል ሆኖ ለዓይን ይመቻል። እንግዲህ ይህ ሰው ከሠራቸው ዓርማዎች የመጀመሪያው የራሱ ስም ነበር ቢባል ሐሰት አይደለም። ሰው በትውልዱ ምክንያት ስሙን ለመለወጥ መገደዱ ግን የሚያሳዝን ነገር መሆኑን ሳልጠቅስ ማለፍ አልወድም።

በ1936 ዓ. ም. ገና በወጣትነቱ አፓረል አርትስ ለተባለ የልብስ መጽሔት የገጾችን አቀማመጥ እንዲያዘጋጅ ተሰጠው። ሥራው ስለ ተወደደለት ጥቂት ቈይቶ የዚሁ መጽሔትና የኤስኳየር መጽሔት የሥዕል ክፍል ኀላፊ ሆነ። ከ1938 እስከ 1945 ዓ. ም. ደግሞ ዳይሬክሽን ለሚባል መጽሔት ሽፋን ይሠራ ነበር። ለዚህ ሥራ ገንዘብ አይከፈለውም ነበር፤ በገንዘቡ ፈንታ የጠየቀው እንደ ወደደ የመሥራት ነጻነትን ነበር።

ከእነዚህ ሽፋኖች አንዱን በታተመ መጽሐፍ ላይ አይቼዋለሁ። የወጣው በዲሴምበር 1940 ዓ. ም.፥ በልደት በዓል ወራት ነው። በዚያ ወር ሰው ሁሉ ስጦታ በሪባን አስሮ ይሰጣጣል። ራንድ ሽፋኑን እንደ ታሰረ የስጦታ ጥቅል አደረገውና፥ በሪባኑ ቦታ ግን እሾኻም ሽቦ በመስቀል ቅርጽ አጋደመበት። በላዩም እንደ ደም ጠብታ የሚመስሉ ቀይ ነጥቦች ጣለበት። በዚያን ጊዜ በአውሮፓ ጦርነት ይነድድ ነበር፤ አሜሪካ ግን ገና አልገባችበትም። ምንም የጦር ሜዳ፥ ምንም ሬሳ ሳይሥል፥ በሽቦ ብቻ የዘመኑን መከራ ተናገረ። ሥዕል መናገር የሚችለው ብዙ ነገር ሲጨመርበት ብቻ ነው ብዬ አስብ ነበር፤ ይህን ካየሁ በኋላ ግን አሳቤ ተለወጠ።

ከ1941 ዓ. ም. ጀምሮ ራንድ በአንድ የማስታወቂያ ድርጅት ውስጥ ከአሥር ዓመት በላይ ሠራ። በ1947 ዓ. ም. ዕድሜው 32 ሲሆን ስለ ዲዛይን ያለውን አሳብ የሚገልጥ መጽሐፍ አሳተመ። የዚህ መጽሐፍ ፍሬ ነገር ባጭሩ እንዲህ ነው፤ የሚያምር ነገር ማድረግ ብቻውን አይበቃም፤ የሚጠቅም ነገር ማድረግም ብቻውን አይበቃም፤ ጥሩ ዲዛይን ሁለቱን አንድ ያደርጋል።

ስሙን በዓለም ሁሉ ያስጠራው ሥራ የመጣው በ1956 ዓ. ም. ነው። አይ ቢ ኤም የተባለው የስሌት መሣሪያዎች ኩባንያ ኀላፊ ሁለተኛው ቶማስ ዋትሰን፥ የኩባንያው ሕንፃም ዕቃም ወረቀትም ሁሉ አንድ መልክ እንዲኖረው ፈለገ። ለዚህም ኤልየት ኖይዝ የተባለውን አርክቴክት አማካሪ አደረገ፤ ኖይዝም ራንድን አመጣ። ሦስቱ የላቲን ፊደላት ለዓርማ አስቸጋሪ ነበሩ፤ የመጀመሪያው ቀጭን፥ መካከለኛው ወፈር ያለ፥ የመጨረሻው በጣም ሰፊ ነው። አይተካከሉም። ራንድ በመጀመሪያ ጠንካራ መሠረት ያላቸው ወፍራም ፊደላት አደረጋቸው። ይህ ግን አላረካውም። በ1972 ዓ. ም. ፊደላቱን በስምንት አግድም መስመሮች የተቈራረጡ አድርጎ አወጣቸው። መስመሮቹ ከአንዱ ፊደል ወደ ሌላው ዓይንን ስለሚወስዱ ሦስቱ ፊደላት እንደ አንድ ቤተ ሰብ ሆኑ። ራንድ ራሱ ሲያስረዳ፥ በቼክና በውል ወረቀት ላይ ፊርማን ከማጭበርበር የሚጠብቁትን ቀጫጭን መስመሮች ያስታውስ ነበር። ዓርማው እስከ ዛሬ ድረስ አልተለወጠም።

በ1981 ዓ. ም. ለዚሁ ኩባንያ የሠራው ወረቀት ደግሞ ያስቃል። በእንግሊዝኛ ዓይን «አይ» ይባላል፤ ንብም «ቢ» ትባላለች። ስለዚህ በመጀመሪያው ፊደል ፈንታ ዓይን ሣለ፤ በሁለተኛው ፈንታ ንብ ሣለ፤ ሦስተኛውን ፊደል ብቻ እንዳለ ተወው። ያየው ሰው እየሣቀ ስሙን ያነብባል። በሰማንያ አንድ ዓመተ ምሕረት ያ ሰው የ67 ዓመት ሽማግሌ ነበር፤ ጨዋታው ግን የሕፃን ጨዋታ ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ፥ በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ፥ ከሚስቱ ከአን ራንድ ጋር ለሕፃናት መጻሕፍት አዘጋጅቶ ነበር፤ እርስዋ ጽሑፉን ጻፈች፤ እርሱ ሥዕሉን ሠራ። በልጅነቱ በሱቅ ውስጥ ሥዕል ይገለብጥ የነበረው ልጅ ከውስጡ ፈጽሞ እንዳልጠፋ ከዚህ እንረዳለን።

ሌሎቹንም ዓርማዎች ባጭሩ ላመልክት። በ1960 ዓ. ም. ለዌስቲንግሃውስ የኤሌክትሪክ ኩባንያ፥ በ1961 ዓ. ም. ለዩ ፒ ኤስ፥ በ1962 ዓ. ም. ለኤ ቢ ሲ የቴሌቪዥን ድርጅት ዓርማ ሠራ። ዩ ፒ ኤስ ጥቅል ዕቃ የሚያመላልስ ኩባንያ ነው። ራንድ በጋሻ መሳይ ምልክቱ ላይ በሪባን የታሰረች ትንሽ ጥቅል አኖረበት። ሥራውን ለኩባንያው ከማቅረቡ በፊት ለትንሽ ልጁ አሳያት፤ እርስዋም ስጦታ መሆኑን ወዲያው ተናገረች ይባላል። የተማረ ሰው ሳይሆን ሕፃን ልጅ እንድትፈርድለት መፈለጉ ትልቅ ትምህርት ይሰጣል። ይህ ዓርማ ከአርባ ዓመት በላይ ካገለገለ በኋላ በ2003 ዓ. ም. በሌላ ተተክቶአል።

በ1986 ዓ. ም. ስቲቭ ጆብስ ነክስት ለተባለው አዲስ የኮምፒዩተር ኩባንያው ዓርማ እንዲሠራለት ራንድን ጠየቀው። ዋጋውም 100,000 ዶላር ነበር። ጆብስ መርጦ የሚወስድባቸው ጥቂት የተለያዩ ሥራዎች እንዲያቀርብለት ቢጠይቀው፥ ራንድ አይሆንም አለው፤ ችግርህን አንድ ጊዜ በሚገባ እፈታልሃለሁ፥ ብትጠቀምበት ባትጠቀምበትም ትከፍለኛለህ የሚል ነበር መልሱ። ይህ ትዕቢት ይመስል ይሆናል። ነገር ግን ሐኪም ለበሽተኛው ሦስት ዓይነት መድኃኒት ዘርግቶ «የወደድኸውን ምረጥ» አይለውም። ያመጣለት ዓርማ ጥቁር ሣጥን ሆኖ 28 ዲግሪ ያህል ዘንበል ያለ ነበር፤ የምክንያቱንም ማብራሪያ በመጽሐፍ መልክ አዘጋጅቶ ሰጠው።

የታሪክ ጽሑፍ ምስጋና ብቻ ከሆነ ታሪክ አይደለም፤ ስለዚህ ጕድለቱንም መናገር ይገባል። ራንድ ከ1956 ዓ. ም. ጀምሮ በዬል ዩኒቨርሲቲ ብዙ ዘመን አስተምሮአል፤ ተማሪዎቹም ያከብሩት ይፈሩትም ነበር። በስተ እርጅናው ግን የአዲሱን ትውልድ ሥራ አልወደደም፤ በትምህርቱም አቅጣጫ ስላልተስማማ በ1992 ዓ. ም. ዩኒቨርሲቲውን ትቶ ወጣ። በወጣትነቱ አሮጌውን ልማድ የሰበረ ሰው በሽምግልናው አዲሱን መስማት አቃተው። ሌላም ነገር አለ። ከመጨረሻዎቹ ሥራዎቹ አንዱ ኤንሮን ለተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የሠራው ዓርማ ነው፤ ይህም ኩባንያ ራንድ ከሞተ በኋላ በ2001 ዓ. ም. በሒሳብ ማጭበርበር ወደቀ። ዓርማው ያማረ ነበር፤ ቤቱ ግን የበሰበሰ ነበር። ራንድም ራሱ ዓርማ ክብሩን የሚያገኘው ከሚወክለው ነገር ጥሩነት እንጂ በራሱ ብቻ እንዳይደለ ያስተምር ነበር።

ፖል ራንድ ኖቬምበር 26 ቀን 1996 ዓ. ም. በ82 ዓመቱ ዐረፈ። በዚያው ዓመት የወጣው የመጨረሻው መጽሐፉ በርእሱ ከላስኮ ዋሻ እስከ ብሩክሊን ይላል። ላስኮ በፈረንሳይ አገር የሚገኝ፥ የጥንት ሰዎች ከብቶችንና ፈረሶችን የሣሉበት ዋሻ ነው። ብሩክሊን የተወለደበት ሰፈር ነው። ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት በዋሻ ግድግዳ ላይ የሣለውን ሰውና በሱቅ ውስጥ የሣለውን ሕፃን በአንድ መንገድ ላይ አኖራቸው ማለት ነው።

አሁን ስለ ምን ይህን ሰው እንደ መረጥሁ ልናገር። አባቴ ልብስ ሰፊ ናቸው። እኔ ከሕፃንነቴ ጀምሮ በደብተሬ ጠርዝ ላይ ስሥል ኖሬአለሁ፤ ስለዚህም ከአንድ ጊዜ በላይ ተቀጥቻለሁ። በሚሲዮን ትምህርት ቤት በታችኛው ክፍል ሳለሁ ግን የእጅ ጽሑፍ የሚያስተምሩን መምህርት ደብተሬን አንሥተው ካዩ በኋላ አልተቈጡም፤ «ፊደሉን እንደ ሥዕሉ አድርገህ ጻፍ» ብቻ አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፊደል መጻፍና ሥዕል መሣል ለእኔ አንድ ሥራ ሆነ።

የዛሬ ሁለት ዓመት ለአባቴ ሱቅ ሰሌዳ ሣልሁ። መኪናውን፥ መቀሱን፥ ሜትሩን፥ ሙሉ ልብስ የለበሰ ሰው፥ በዙሪያውም አበባና ሐረግ አደረግሁበት። ጎረቤቶች ሁሉ አደነቁ። ነገር ግን አንድ መንገደኛ ቆሞ ሰሌዳውን ካየ በኋላ ወደ ውስጥ ገብቶ «እዚህ ምን ይሸጣል?» ብሎ ጠየቀ። አባቴ ሣቁ፤ እኔ ግን አፈርሁ። ስለ ራንድ ያነበብሁት ከዚያ በኋላ ነው። ባለፈው ክረምት ሰሌዳውን አውርጄ ነጭ ቀባሁት፤ በላዩም የአባቴን ስም በጥቁር ጻፍሁ፤ ከመጨረሻው ፊደል ጫፍ አንድ ቀይ ክር ወጥቶ ወደ መርፌ እንዲገባ አደረግሁ። ሌላ ምንም የለበትም። ከዚያ ወዲህ ምን እንደሚሸጥ የጠየቀ ሰው የለም።

በዚህ ዓመት መጨረሻ ትምህርቴን እፈጽማለሁ። አባቴ መሐንዲስ እንድሆን ይፈልጋሉ፤ «ሥዕል ራትህ አይሆንም» ይሉኛል። ይህን ሲሉ ልጃቸውን ጠልተው እንዳይደለ አውቃለሁ፤ በመርፌ ቀዳዳ ሌሊቱን ሲያዩ አድረው ያስተማሩኝ ሰው ናቸው። ስለዚህ እልህ ይዤ አልከራከራቸውም። አንድ ምሽት ሱቁን ከዘጋን በኋላ የፖል ራንድን ታሪክ ነገርኋቸው፤ አባቱ ያደረገለትንም ስምምነት ነገርኋቸው። ቀን የሚፈልጉትን ልማር፤ ማታ የምፈልገውን ልማር፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ ሥራዬ ይፍረድ አልኋቸው። ዝም ብለው ቈዩ። ከዚያ በኋላ ቀና ብለው ወደ ሰሌዳው አዩና «አስቀድመህ ፈተናህን እለፍ» አሉኝ። እንቢ አላሉም።

ወላጆችና መምህራን ሆይ! በደብተሩ ጠርዝ ላይ የሚሥለው ልጅ ሁሉ ታላቅ ሰው ይሆናል ማለቴ አይደለም። ነገር ግን የሚሥለውን ነገር አንድ ጊዜ አንሥታችሁ እዩለት፤ የሚጠቅም ሥራም ስጡት፤ ሰሌዳ ይጻፍ፥ የበዓል ማስታወቂያ ያዘጋጅ፥ የመጽሔት ሽፋን ይሥል። እናንተም እንደ እኔ ሥዕል የምትወድዱ ተማሪዎች፥ መደበኛውን ትምህርት አትናቁ፤ ፖል ራንድ ቀን ቀን ይማር ነበርና። ከሁሉም በላይ መጨመርን ብቻ ሳይሆን መቀነስንም ተለማመዱ። እኔ ይህን ለመረዳት አንድ ሰሌዳ ሁለት ጊዜ መሣል አስፈልጎኛል።